ያሬድ ይወደሳል፣ ክራሩ ይቆለፋል

የአገራችን ባለሥልጣን ስለ ሙዚቃ ትምህርት ሊናገር መድረክ ላይ ሲወጣ ከየት እንደሚነሣ እናውቃለን። ከአክሱም ነው የሚነሣው። ከቅዱስ ያሬድ፣ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እየወደቀች እየተነሣች ዛፉን ከወጣችው ትል። ቀጥሎ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ይላል። ቀጥሎ ጀርመናዊው ባክ ከመወለዱ አንድ ሺህ ዓመት በፊት እኛ ዜማ ነበረን ይላል። እናጨበጭባለን። ጭብጨባችንም የምር ነው፤ ያሬድ ሲወደስ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ማን አለ? ከዚያ ግን ከአክሱም የተነሣው ንግግር ወርዶ ወርዶ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደጃፍ ይደርሳል ብለን ስንጠብቅ፣ ታጥፎ ቱሪዝም ላይ ያርፋል። የሙዚቃ ትምህርት የሚባለው ነገር ስሙ እንደገና የሚነሣው መድረክ መሪው ተሳታፊዎችን አመስግኖ ወደ ምሳ ሲጋብዝ ነው።

እኛ ስል የሙዚቃ መምህራንን፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ ቤት የሚያውኩ ልጆች ያሏቸውን ወላጆች፣ ዶ ሬ ሚን በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ተምረን ያደግነውን ሁሉ ማለቴ ነው። ብዙ ነን። ብዙም ታግሠናል። ስብሰባውን ተሰብስበናል፣ ቅጹን ሞልተናል፣ አስተያየት ስጡ ተብለን ሰጥተናል፣ አስተያየታችሁ በግብዓትነት ተወስዷል ተብለን ወደየቤታችን ሄደናል። ግብዓቱ የት እንደገባ የነገረን ግን የለም።

ቅሬታችን አይናገሩም የሚል አይደለም። ይናገራሉ። ማይክ ሲይዙማ ማን ያስቆማቸዋል! ቅሬታችን ስለ ሙዚቃ ሲናገሩ ስለ ሙዚቃ አለመናገራቸው ነው። ሙዚቃ ለሰላም ይላሉ። ሙዚቃ ለአንድነት ይላሉ። ሙዚቃ ለገጽታ ግንባታ፣ ሙዚቃ ለቱሪስት ፍሰት፣ ሙዚቃ ለሥራ ዕድል ፈጠራ፣ ሙዚቃ ወጣቱን ከሱስ ለመታደግ፣ ሙዚቃ ለችግኝ ተከላ ቅስቀሳ። ሙዚቃ ለሙዚቃ የሚል ሰው ግን እስካሁን ተራ አልደረሰውም። ሒሳብ ለሰላም ሲባል ሰምተን አናውቅም። ኬሚስትሪን ገጽታ ገንባ ያለው የለም። ልጁ ሒሳብ የሚማረው ሒሳብ እንዲያውቅ ነው፤ ክራር የሚማረው ግን አገር እንዲያስታርቅ ነው። አምስትና ስድስት ክር ለተወጠረበት እንጨት ይህ ትንሽ ከበድ ይላል።

ይህ የእኛ ሹማምንት ብቻ አመል እንዳልሆነ ለፍትሕ ሲባል መናገር አለብን። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለአሥር ደቂቃ ሞዛርትን ሰምተው አንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና ላይ ለጊዜው የተሻለ ውጤት አመጡ። የተሻሉት ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። አጥኚዎቹም ከዚያ ያለፈ ነገር አላሉም። ግን ወሬው እየሰፋ ሄዶ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ሕፃን የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ወይም ካሴት እንዲታደል 105 ሺህ ዶላር በጀት ጠየቁ። ሕፃኑ ሙዚቃ እንዲወድ አይደለም፤ ሒሳብ እንዲችል ነው። የእኛዎቹም ይህን ወሬ የሆነ ቦታ፣ ምናልባት ለተሞክሮ ልውውጥ በወጡበት፣ ሰምተውታል። ሙዚቃ የሒሳብ ችሎታን እንደሚያዳብር በጥናት ተረጋግጧል ይሉናል፤ የትኛው ጥናት እንደሆነ ግን አይሉንም። እሺ ይሁን፣ ለሒሳቡም ቢሆን ታዲያ ክራሩ የታለ? ጆርጂያዎቹ ቢያንስ ካሴት አስበው ነበር።

በእኛ አገር ነገሩ የቆየ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ካገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ጋር መምህራቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ሲያስመጡ፣ ልጆቹ የተፈለጉት ለሰልፍና ለአቀባበል ለሚነፋ የነሐስ ባንድ ነበር። ኬቮርክም የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር አበጀ። ደርግ መጣ፤ ሙዚቃ አብዮቱን ማገልገል ነበረበት፤ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። (እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር፦ በዚያ ዘመን የቀበሌ ልጅ ቢያንስ እውነተኛ ጊታር ይነካ ነበር፤ ዛሬ ስማቸውን በኩራት የምንጠራቸው ብዙ ድምፃውያንም ከዚያው ነው የወጡት። ሰው ሲወቀስም በልኩ ነው።) ኢሕአዴግ መጣ፤ ሙዚቃ ብሔር ብሔረሰቦችን መወከል ነበረበት፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር ተማሪው ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይጠራል፣ የባህል ልብስ ይለብሳል፣ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ልብሱን አስረክቦ ወደ ፊዚክሱ ይመለሳል። አሁንም ያው ነው፤ መፈክሩ ነው የተቀየረው። መንግሥት ይለዋወጣል፣ የሙዚቃ ሥራ ግን እንግዳ መቀበል እንደሆነ ቀርቷል። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ!

ባህል ራሱ በመንግሥት ቤት ብቻውን ቢሮ ሲያገኝ እምብዛም አላየንም። አንዴ ከማስታወቂያ ጋር አንድ ሚኒስቴር ሆነ። አንዴ ከወጣቶችና ስፖርት ጋር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከቱሪዝም ጋር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመልሶ ከስፖርት ጋር። ማኅተሙ ተቀርጾ ሳያልቅ አዲስ ማኅተም ይቀረጻል፣ የበሩ ጽሑፍ ተነቅሎ ሌላ ይሰቀላል፣ እኛም ደብዳቤያችንን ይዘን ትናንት የነበሩበት ፎቅ ስንደርስ ዕቃ እየተጫነ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥም ጣጣው ያው ነበር። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለው ልጅ ሙዚቃን የሚያገኘው ስነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ በሚባል አንድ ትምህርት ውስጥ ነበር። በተግባር ስነ ውበቱ እየተዋጠ ሰውነት ማጎልመሻው ይቀራል፤ ኳስ ካለ ኳስ፣ ኳስ ከሌለ ሩጫ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት ተብሎ ሙዚቃው፣ ውዝዋዜው፣ ቴአትሩና ሥዕሉ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ለአራቱ አንድ መምህር ተመድቧል። መምህሩ ሥዕል የተማረ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ሥዕል ነው፤ ቴአትር የተማረ ከሆነ ድራማ ነው፤ ጂኦግራፊ የተማረ ከሆነ ደግሞ ግቢ ማጽዳት ነው።

ይህ እንግዲህ ታችኛው ክፍል ነው። ልጁ ስምንተኛን አልፎ ዘጠነኛ ሲገባ ሙዚቃ ከናካቴው ከመርሐ ግብሩ ይጠፋል። ሒሳብ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ዜግነት፣ ኢኮኖሚክስ፣ አይቲ አለ፤ ሙዚቃ የለም። ለምን የለም ሲባሉ በተጓዳኝ ይሰጣል ይላሉ። ተጓዳኝ ማለት ክበብ ነው። ክበብ ማለት በምሳ ሰዓት፣ መምህሩ ካልተራበ፣ ተማሪው ካልተራበ፣ አዳራሹ ለወላጅ ስብሰባ ካልተያዘ፣ በጎ ፈቃድ ያለው ሰው ከተገኘ የሚደረግ ነገር ነው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች በዕረፍት ሰዓት በተሰነጠቀ ስፒከር የሚለቁት ዘፈንም ሪፖርት ላይ በሙዚቃ ክበብ እንቅስቃሴ ሥር ተመዝግቦ አይተናል።

ከዚያ አራት ዓመት አልፎ ልጁ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ሲል ችሎታህን አሳይ ይባላል። ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ተማሪ የሚቀበለው ፈትኖ ነው፤ መፈተኑም ተገቢ ነው። ግን ልጁ ምኑን ያሳይ? በሌላው ዓለም በአምስትና በስድስት ዓመት የሚጨበጠውን ቫዮሊን እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሚያየው ያን ቀን ነው። አራቱን የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት ባዶ ያደረጉ ሰዎች ተመልሰው ለምን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው ሙዚቀኞች አናፈራም ብለው ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ጥናት ያስጠናሉ። ጥናቱ የመሠረት ችግር እንዳለ ያመለክታል። ጥናቱን ላቀረቡት ምስጋና ይቀርባል።

ጎበዝ ጎበዙ ባለሥልጣን ደግሞ በቁጥር ይመጣብናል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። ያኔ ሙዚቃ ከ30ው በስንተኛው ፍርፋሪ ላይ እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ የፈተናው ነገር መጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተቀምጦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አስደንጋጭ ነው፤ ሁላችንም ደንግጠናል። ግን ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ ባልን ቁጥር ይህ ቁጥር ይመዘዝብናል። ልጁ ሒሳብ ሳይችል ክራር ምን ያደርግለታል ይሉናል። ክቡራን ሆይ፣ እነዚህ ልጆች እኮ የወደቁት ክራር ሳይነኩ ነው! ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ አንዲት የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሳታሰናክላቸው፣ ሙሉ ሰዓታቸውን ለፊዚክስና ለሒሳብ ሰጥተው ነው የወደቁት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

አንዱን የምክክር መድረክ ቀረብ ብለን እንየው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የሆቴል አዳራሽ። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ባነር፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ትምህርትን ስለማጠናከር የሚል። በየወንበሩ ፊት ውኃ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። ከሆነ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ጥበብ ለብሰው ጥግ ቆመዋል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቆመዋል። ክቡርነታቸው ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፎ ይገባሉ። ልጆቹ ይጀምራሉ። ከፊት ያለው ልጅ ክራር ይዟል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ክራሩ ሁለት ክር ነው ያለው፤ ሦስተኛው መቃኛ ላይ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ተጠምጥሟል። ጎኑ የቆመችው ልጅ የማሲንቆዋ ደጋን ጭራ የለውም፤ ባዶ እንጨት ነው የምትስበው። ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ፣ ስፒከሩ ላይ ከተሰካው ፍላሽ ነው። ፍላሹ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተንቀጫቅጮ ይቆማል። የልጁ ጣቶች ግን አልቆሙም፤ ድምፅ በሌለበት ሁለት ክር ላይ አሁንም ይሮጣሉ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንዳያቋርጥ ተነግሮታል። መድረክ መሪው የቴክኒክ ችግር ነው ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ክቡርነታቸው ብድግ ብለው ክራሩን ከልጁ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስደግፈው ፎቶ ይነሣሉ፤ ማታ በዜና የምናየው ይህን ነው። ፎቶው ላይ ክሮቹ አይቆጠሩም።

ከዚያ ንግግር አለ። ከያሬድ ጀምሮ። ከዚያ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ አለ፤ ስላይዱ ላይ የተጻፈው ከኋላ አይነበብም። ከዚያ ቡና። ከዚያ አስተያየት፤ አስተያየት ሰጪው ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፍ ይለመናል፣ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ እሱም ከያሬድ ይጀምራል። ከዚያ አቅጣጫ ይቀመጣል። አቅጣጫው ባለድርሻ አካላት በቅንጅት እንዲሠሩ ነው። ከዚያ አበል። ልጆቹ አበል የላቸውም፤ የታሸገ ጭማቂ ይሰጣቸዋል።

እንግዲህ በአቅጣጫው መሠረት አንድ ትምህርት ቤት ጨክኖ ክራር ልግዛ አለ እንበል። በጀቱም ተገኘ እንበል፤ ተአምር ይሁንና። መምህሩ ወደ ግዢ ክፍል ይሄዳል።

«መምህር፣ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል።»

«እህቴ፣ እዚህ ከተማ ክራር የሚሠሩት አንድ አባት ብቻ ናቸው።»

«እሺ፣ ከእሳቸው አንድ፣ ከሌላ ሁለት ቦታ ያጽፉ።»

«ከምን ቤት?»

«ከማንም። ብቻ ንግድ ፈቃድና ቲን ያለው ይሁን። ቫት ተመዝጋቢ ካልሆነ ደግሞ ኦዲት ላይ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

እሷ ላይ አንፈርድም፤ እውነትም የምትጠየቀው እሷ ናት። ክራር ሠሪው አባት ግን ንግድ ፈቃድ የላቸውም። ቫት ቢባሉ ማን ነው ይላሉ። ደረሰኝ ቢጠየቁ በእጃቸው ጽፈው ከፈለጉም አውራ ጣታቸውን ያትማሉ። ከአባታቸው በተማሩት ሙያ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ጠርበው፣ ቆዳ ወጥረው፣ ክር ቃኝተው ኖረዋል፤ ባለሥልጣኑ በንግግሩ አገር በቀል ዕውቀታችን እያለ የሚያሞካሸው እሳቸውን ነው። ከእሳቸው ላይ ግን አንዲት ክራር መግዛት አይቻልም። የሚቻለው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው። መደብሩ ቫት ተመዝጋቢ ነው፤ ክራር አይቶ ባያውቅም ለስቴፕለር በሚጽፍበት ፎርም ላይ ለክራር ዋጋ ይጽፋል። ለማቅረብ ሲጠየቅ ክራር አላገኘሁም፣ በምትኩ ከቻይና የመጣ ኪቦርድ አለ ይላል። ኪቦርዱ ይገዛል። ደረሰኙ ንጹሕ ነው። ኦዲተሩ ደስ ብሎት ይፈርማል።

ኪቦርዱ ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚሆነውንም እናውቃለን። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ቋሚ ንብረት ተብሎ ቁጥር ይለጠፍበታል። ላስቲኩ ሳይወልቅ ንብረት ክፍል ይገባል፤ ከተሰበሩ ወንበሮች፣ ከተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ከድሮ መራጮች መዝገብ ጋር ይቀመጣል። እንዲወጣ ሞዴል 22 ላይ መፈረም ያስፈልጋል። የፈረመ ሰው ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። የመምህሩ ደመወዝ ደግሞ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ታክሲ ነው። ታዲያ ማን ይፈርም? አይፈረምም። ኪቦርዱ እንደ አዲስ ይኖራል። የዓመቱ ሪፖርት ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ግብዓት መቶ በመቶ ተሟልቷል ይባላል፤ ሐሰትም አይደለም፣ ተሟልቷል፣ ተቆልፎበታል።

ሙዚቃ በመርሐ ግብሩ ባለበት በታችኛው ክፍል ያለው መምህርስ? ሙዚቃ ተምሮ የመጣ ሰው ከሆነ የሳምንት ክፍለ ጊዜው አይሞላለትም፤ ስለማይሞላ ግብረ ገብ ይጨመርለታል። ግብረ ገብ ሲጨመርለት የሙዚቃው ሰዓት ትርፍ ይመስላል። ትርፍ ስለሚመስል የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ አልጨረስኩም ብሎ ለማካካሻ ይወስደዋል። ፈተና ሲደርስ የእንግሊዝኛዋ መምህርት ትወስደዋለች። እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ይወስደዋል፤ ለመዝሙር ልምምድ። የቀረችውን ግማሽ ሰዓት መምህሩ ሰሌዳው ላይ ክራር ይሥላል። ክፍሎቹን በቀስት ያመለክታል፦ ቀንበር፣ ምሰሶ፣ ገበቴ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ከዚያ ይፈተናሉ፤ ማሲንቆ ስንት ክር አለው? በገና ስንት? አንድና አሥር ብሎ የመለሰ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በሙዚቃ ከመቶ መቶ አምጥቶ አንድም ቀን ድምፅ ያላወጣ ልጅ በዚህች አገር ብቻ ሳይሆን አይቀርም ያለው። ሰርተፊኬቱን ወላጆቹ ሳሎን ይሰቅሉታል።

የሚገርመው ልጆቻችን ሙዚቃ አለመማራቸው አይደለም፤ ይማራሉ፣ ትምህርት ቤት አይማሩም እንጂ። ከበሮውን ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ኪቦርዱን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ ነው፤ በየምሽት ክለቡ የምንሰማቸው ስንትና ስንት ኪቦርዲስቶች ጣታቸውን የፈቱት እዚያ ነው። መንዙማውን በየመስጊዱና በየቤቱ ነው። በገና መማር የፈለገ ወጣት ከፍሎ ይማራል፣ ተራ ጠብቆ። ስለዚህ ነገር ባለሥልጣኑ ትንፍሽ አይልም። ትንፍሽ ቢል፣ ዘፈን ኃጢአት ነው የሚለውን ወላጅም፣ ልጄ ወደ አዝማሪነት ሊሄድብኝ ነው የሚለውን አባትም ፊት ለፊት ማናገር ሊኖርበት ነው። ይህ አድካሚ ነው። ስለ ቱሪስት ፍሰት መናገር ይቀላል፤ ቱሪስት አይቆጣም።

በያሬድ ስም ለሚምለውም አንድ ነገር ብናስታውሰው ደስ ይለናል። የያሬድን ዜማ እስከ ዛሬ ያቆዩት የምክክር መድረኮች አይደሉም። ድጓ ለመማር ጋይንት ቤተ ልሔም የወረደ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ የወጣ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ እየበላ፣ ውሻ እያባረረው፣ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ፣ አንዱን ዜማ ደጋግሞ ደጋግሞ ነው ያቆየው። ምልክቱን ያበጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሠሩ ባነር አልነበራቸውም። እዚያ ቤት የተማረ ሰው ዜማውን ያውቀዋል፤ የተጠየቀውን ያዜማል፤ ሲሳሳት ይመታል። ከያሬድ ንግግር ከምትበደሩ ከያሬድ ቤት አሠራር ብትበደሩ ምን ይላችኋል? መምህር፣ ጊዜ፣ መደጋገም። እኛም ይኸው ነው የምንለው፤ ዱላው ይቅርና።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የባህል ፖሊሲ ባህል በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ይላል። ፖሊሲው ተሻሽሏል። ከዚያ ፍኖተ ካርታ መጣ፤ ከዚያ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፤ ከዚያ በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ። ሰነድ አላጣንም፣ ሰነድ ሞልቶ ተርፎናል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖብን ነው እንጂ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ፣ ሒሳብ የማይወስዳት። ለአንድ ክፍል አሥር ክራር፣ ክሩ የተሟላ። ክራር ሠሪው አባት ያለ ቫት ደረሰኝ የሚሸጡባት አንዲት ቀዳዳ በግዢ መመሪያው ውስጥ፤ ለሌላ ለሌላው ስንት ቀዳዳ ይገኝ የለም እንዴ? ኪቦርዱ ቢሰበር ከመምህሩ ደመወዝ እንደማይቆረጥ የሚገልጽ አንዲት ደብዳቤ፣ ማኅተም ያላት። ማኅተሙ የትኛው ሚኒስቴር እንደሆነ ግድ የለንም።

በጊዜያዊነት ግን ቁልፉን ብቻ ብናገኝም ይበቃናል። ባለፈው የክበቡ ልጆች ተሰብስበው ኪቦርዱን አውጡልን ብለው ነበር። ቁልፉ ንብረት ክፍል ኃላፊው ጋ ነው። እሳቸው ደግሞ የሉም ተባሉ፤ በሙዚቃ ትምህርት ማጠናከሪያ ዙሪያ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄደዋል።